ዋጋውን ማን ይከራከርልን?

አዲስ ቅዳም ላይ «ጋዝ» ካላችሁ የሚቀርብላችሁ ላምባ ነው። ኩራዝ የሚሞላበት፣ እርጥብ እንጨት አልያዝ ሲል ጠብ የሚደረግበት ነጭ ጋዝ። «ቡታጋዝ» ካላችሁ ሲሊንደሩ ነው፤ እሱም ደመወዝተኛ ቤት ይገኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን፣ ጓዳ ጥግ ጨርቅ ለብሶ። «የተፈጥሮ ጋዝ» ካላችሁ ግን ዜና ማለታችሁ ነው። ሰውየው ቀና ብሎ ያያችሁና «የኦጋዴኑ?» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

አይፈረድበትም። የኦጋዴኑ ጋዝ ዜና ሆኖ ሃምሳ ዓመት ኖሯል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ቴኔኮ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ካሉብ ላይ ቆፍሮ አገኘው። አብዮቱ መጣ፣ የሶማሊያ ጦርነት መጣ፣ አሜሪካኖቹ ሄዱ። ሶቪየቶች ተተኩ፤ ካሉብንም ሂላላንም ሲቆፍሩ ቆይተው የራሳቸው አገር ሲፈርስ እነሱም ጓዛቸውን ጠቀለሉ። ከዚያ የካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር ነበር፤ ከዚያ የማሌዢያው ፔትሮናስ መጥቶ ሄደ፤ ከዚያ በ2006 ዓ.ም. ፖሊ ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ተፈራረመ። በመካከሉ ደም ፈሷል፤ ሚያዝያ 1999 ዓ.ም. አቦሌ በተባለው የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ በደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ሞተዋል። ሰኔ 2010 ዓ.ም. ድፍድፍ ነዳጅ ለሙከራ መውጣት ጀመረ ተብለን በቴሌቪዥን አየን። በ2011 ዓ.ም. ወደ ጅቡቲ የሚዘረጋ የቧንቧ መስመር ስምምነት ተፈረመ፤ ቧንቧው ሳይዘረጋ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ የኩባንያው ፈቃድ ተሰረዘ። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት ለዚህ ጋዝ ተብሎ የተፈጠረ ይመስል ነበር።

አሁን ላሟ ወርዳለች። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ካሉብ ላይ የመጀመሪያው የፈሳሽ ተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ ተመረቀ። የሠራው ጎልደን ኮንኮርድ ነው፤ «ጂሲኤል» የሚለው ስም የማን እንደነበር ለረሳ ሰው፣ ያው የድሮው ሽርክና አንዱ ወገን ነው። በዚያው ሰሞን በጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ።

የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ሆኖ የኖረ ሰው አንድ የማይለቅ ልማድ ይተርፈዋል። ጽሑፍ ሲሰጡት የተጻፈውን አንብቦ ያልተጻፈውን ይፈልጋል። የምረቃ ንግግር ደግሞ እንደ ልብ ወለድና እንደ ቅኔ የራሱ ሕግ ያለው ዘውግ ነው። በቁጭት ይከፍታል፤ አያቶቻችን ተኝተውበት ያልተጠቀሙበት ሀብት ይላል። ወደ ቁጥር ይሻገራል። በተስፋ ይዘጋል። እኔም ቁጥሮቹን ለቅሜ ደረደርኳቸው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ፤ ሁለተኛው ምዕራፍ 1.33 ቢሊዮን ሊትር። የጎዴው ፋብሪካ 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ፣ በ40 ወራት። ሊትር አለ፣ ቶን አለ፣ ዶላር አለ፣ ወር አለ። ብር የለም። ገዢው የሚከፍለው ብር ማለቴ ነው። ያንን ብር ማን ቆርጦ እንደሚያስታውቅ የሚናገር ዓረፍተ ነገርም አላገኘሁም። አራት መቶ ገጽ ልብ ወለድ አንብበው ሲጨርሱ ዋናው ገጸ ባሕርይ እንዳልመጣ መገንዘብ ማለት ይሄ ነው።

ቁጥሮቹን ራሳቸውንም ትንሽ እንፍታታቸው። 111 ሚሊዮን ሊትር ሲባል ትልቅ ነው። ከ120 ሚሊዮን በላይ ለሆንን ሕዝብ ሲካፈል ግን ለአንድ ሰው በዓመት አንድ ሊትር አይደርስም። ያም ሊትር አዲስ ቅዳም ጓዳ ጥግ ላለው ሲሊንደር አይሆንም። ሲሊንደሩ የሚሞላው ፕሮፔንና ቡቴን በሚባሉት ጋዞች ነው፤ መጠነኛ ግፊት ሲደረግባቸው ፈሳሽ ይሆናሉ። የካሉቡ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ሚቴን ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ያኔ ይዘቱ በስድስት መቶ እጥፍ ገደማ ይቀንስና በልዩ ታንከር መኪና ይጫናል። እንዲህ ያለው ነዳጅ የሚስማማው ለፋብሪካ፣ ለኃይል ማመንጫና ለከባድ መኪና ነው። «እንግዲህ ቡታጋዝ ሊረክስ ነው» ያሉኝ ሰዎች አሉ። ሊረክስ ይችል ይሆናል፤ በዚህ ምክንያት ግን አይደለም።

ታዲያ አዲስ ቅዳምን ምን አገባት? አገባት። ያውም ከማንም በላይ። እሱን ለማስረዳት ስለ ከሰል ልናገር።

አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ ራሱ ገበያ ገበያ ይሸታል። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስትወርዱ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታያችሁ ደን የጥንት ደን አይደለም። ዲከረንስ ነው፤ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር፣ ገበሬው ጤፍና ድንች ያበቅልበት በነበረው መሬት ላይ በገዛ እጁ የተከለው። መሬቱ አሲዳማ ሆኖ እህል ሲነፍገው ዛፍ ተከለበት። የመጀመሪያውን ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ይቆርጥና ከሰል ያከስላል። ከሰሉ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። አንባቢዬ፣ ዛሬ ጠዋት የጠጣችሁት ቡና የፈላው በፋግታ ለኮማ ከሰል ሊሆን ይችላል።

ከሰሉ የሚሰፈረው በማዳበሪያ ነው። ጆንያውን «ማዳበሪያ» ብለን የጠራነው ዩሪያና ዳፕ ይዞ ስለመጣ ነው፤ ይዘቱ አልቆ ስሙ ቀረ። «አንድ ማዳበሪያ ከሰል» የሚለው ሐረግ ለውጭ አገር ሰው ቢተረጎም ምን ሊያስብ እንደሚችል አስቡት። ይህን ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባለፈው የቅዳሜ ገበያ አንዲት በዕድሜ የገፉ ከሰል ሻጭ አጠገብ ቆሜ፣

«እማማ፣ ዋጋውን ማነው የሚቆርጠው?» አልኳቸው።

«ማን ይቆርጠዋል ልጄ! ተነጋግረን ነዋ። አልጠቀመኝም ካልኩ ጭኜ እመለሳለሁ። እሱም አልጠቀመኝም ካለ ያውልህ፣ ከዚያች ይገዛል።»

በጣታቸው ያሳዩኝ ሦስት እርምጃ ርቃ የተቀመጠችውን ሌላ ሻጭ ነው። በኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ውስጥ «ውድድር» የሚለው ምዕራፍ ስንት ገጽ እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እማማ በሁለት ቃል ጨረሱት፤ «ጭኜ እመለሳለሁ»።

ይህን ስል ከሰል ገበያው ገነት ነው እያልኩ አይደለም። ደላላው የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ ያውቃል፣ ገበሬው አያውቅም። ኬላ አለ፣ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዲከረንሱ ላይ በሽታ ገብቶ ብዙ ሰው ተክሉ ሳይደርስ ደርቆበታል። ያም ሆኖ የከሰል ዋጋ የሁለት ሰዎች ዋጋ ነው። ሁለቱም መሄድ ይችላሉ።

መሄድ የማይቻልበት ዕቃ ግን አለ። የመብራት ዋጋ ተወደደብኝ ብላችሁ ሽቦውን ጭናችሁ የትም አትሄዱም። ጋዝም እንዲሁ ነው። ቧንቧ አንዴ ከተቀበረ ጎን ለጎን ሌላ ቧንቧ ቀብሮ የሚፎካከር ሞኝ ነጋዴ የለም። ይህን የተፈጥሮ ሞኖፖል ይሉታል፤ የማንም ተንኮል ያልወለደው፣ ከዕቃው ጠባይ የመጣ ብቸኝነት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ገዢውና ሻጩ ተከራክረው አይስማሙም፤ ሻጩ ይናገራል፣ ገዢው ይከፍላል። ዓለም ለዚህ ያገኘው መላ አንድ ነው፤ መሄድ በማይችለው ሰው ምትክ ቆሞ የሚከራከር መሥሪያ ቤት ማቆም። ኩባንያው ስንት አወጣ? ስንት ትርፍ ይገባዋል? የሚተርፈው ለማን ይድረስ? ይህን መዝገብ ገልጦ የሚጠይቅ፣ ጠይቆም የሚቆርጥ።

እዚህ ላይ የቋንቋ ጣጣ ገጠመን። ይህን ሥራ በአማርኛ ምን እንበለው? «ቁጥጥር» አልነው፤ የሚሠራውንም «ተቆጣጣሪ»። «ተቆጣጣሪ» ሲባል ለእናንተ ማን ይታያችኋል? ለእኔ የአውቶቡስ ቲኬት የሚያየው ሰው ይታየኛል። ኬላ ላይ ገመድ የሚጥለው ይታየኛል። ሱቅ የሚያሽገው ግብረ ኃይል ይታየኛል። ሁሉም ወደ ታች የሚያዩ ናቸው፤ የትንሽ ሻጭን እጅ የሚፈትሹ። የጋዝ ኢንዱስትሪ የሚፈልገው ተቆጣጣሪ ግን ወደ ላይ የሚያይ ነው፤ ኩባንያውንና ሚኒስቴሩን። ቃሉ አንድ ስለሆነ ሥራውም አንድ መሰለን። ነዳጅ ማደያ ላይ ወታደር ሲቆም «ቁጥጥር ተጠናከረ» እንላለን፤ የማደያው ዋጋ እንዴት እንደተቆረጠ የጠየቀ ግን የለም። እኔ ብጠየቅ «የዋጋ ዳኛ» ብዬ እሰይመው ነበር። ዳኛ ሲባል ቢያንስ ከሁለቱም ወገን መራቅ እንዳለበት ሰው ይረዳል። በእኛ አገር እርቅ እንኳ ሲሆን የባለጉዳዩን ወንድም ሽማግሌ አድርጎ የሚያስቀምጥ የለም።

ወደ ማዳበሪያው ልመለስ። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሚቴኑ ይሰበርና ሃይድሮጅኑ ከአየር ናይትሮጅን ጋር ተዋህዶ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያው ዩሪያ ይሆናል። ለአሞኒያ ከሚወጣው ወጪ የአንበሳው ድርሻ የጋዙ ዋጋ ነው። ስለዚህ ጎዴ ላይ ለፋብሪካው ጋዝ በስንት ይሸጥለታል የሚለው ጥያቄ፣ ፋግታ ለኮማ ላይ ኩንታል ዩሪያ በስንት ይገዛል የሚለው ጥያቄ ነው። ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ረጅም መንገድ ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ አቤት ሲል ያየ ሰው፣ አሲዳማ መሬቱን ትቶ ዛፍ የተከለውን ገበሬ የሚያውቅ ሰው፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን በዚያ ዋጋ ዙሪያ ወንበሮቹን እንቁጠር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት ጋዙ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ የሀብቱ ባለአደራ መንግሥት ነው። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር በተፈረመው ስምምነት የማዳበሪያ ፋብሪካው 60 በመቶ የዳንጎቴ፣ 40 በመቶ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ነው፤ ስለዚህ የጋዙ ገዢም በከፊል መንግሥት ነው። ዩሪያ ገዝቶ ለገበሬው ሲያደርስ የኖረው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው፤ እሱም መንግሥት ነው። ተቆጣጣሪው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው፤ እሱም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ባለጋዙ መንግሥት፣ ባለፋብሪካው መንግሥት፣ ነጋዴው መንግሥት፣ ዳኛው መንግሥት። መንግሥት ከራሱ ጋር ቁጭ ብሎ ሲከራከር ማን ያሸንፋል? መቼም ዳንጎቴ ጠበቃ ያጣል ብላችሁ አትጠብቁ።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሌሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሽላቦ አካባቢ ግመል የሚጠብቀው ሶማሌ ወገናችን ነው። ጋዙ የሚወጣው ከእግሩ ሥር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 ከጋዝ ሥራ የሚገኘው ግብርና ሮያሊቲ የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ ነው፤ የጋዙ ዋጋ ዝቅ ብሎ ከተቆረጠ ግን የሚጋሩት ነገር ያንሳል። ሁለተኛው አዲስ ቅዳም ያለው ገበሬ ነው፤ የጋዙ ዋጋ ከፍ ካለ ዩሪያው ይወደድበታል። የአንዱ ጥቅም የሌላው ጉዳት ይመስላል። የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው፤ ጋዙ በርካሽ ተሽጦ ዩሪያው በውጭ ዋጋ ቢሸጥስ? ያኔ ሶማሌውም አላገኘ፣ አዊውም አላገኘ፤ መካከል ላይ ያለው ልዩነት ፋብሪካው ውስጥ ቀረ። ይህ እንዳይሆን የሚከለክለው የማንም ቅንነት አይደለም፤ የታተመ የዋጋ ቀመር ነው።

የውጭውን እንይ ካላችሁ ቅርባችን ታንዛኒያ ናት። ከሶንጎ ሶንጎ ደሴት የሚወጣው ጋዝ ዳሬሰላም የገባው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እነሱ ኢውራ የሚባል ራሱን የቻለ የኃይልና የውኃ ተቆጣጣሪ አቆሙ፤ ታሪፍ ሊለወጥ ሲል ሕዝብ ተጠርቶ በአደባባይ ይከራከራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በወጣው የፔትሮሊየም ሕግ ቁፋሮውን የሚቆጣጠረውንና ወደ ታች ያለውን ገበያ የሚቆጣጠረውን ለያዩ። ይህ ሁሉ ኖሮም አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2013 የምትዋራ ሰዎች «ጋዛችን በቧንቧ ዳሬሰላም ሊሄድ ነው፣ ለእኛስ?» ብለው ተነሡ፣ ሰው ሞተ፣ ጦር ገባ። ለምን እንዳመጡት ባውቅም የምትዋራን ስም ኢትዮጵያ ውስጥ በጋዝ ጉዳይ ሲነሳ አልሰማሁም። ሽላቦ ግን ሁለተኛዋ ምትዋራ እንዳትሆን ዋስትናው ምንድን ነው?

እንግሊዞች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1986 ብሪቲሽ ጋዝን ሲሸጡ ኦፍጋዝ የሚባል ተቆጣጣሪ አብረው አቆሙ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የጋዙ ኩባንያ ዋጋ መጨመር የሚችለው ከአገሪቱ የዋጋ ንረት ላይ «ኤክስ» የሚባል ቁጥር ተቀንሶ በሚቀረው ልክ ነው። ኤክሱን ለማሸነፍ ኩባንያው ብክነቱን መቀነስ አለበት። ቀመሩ ጉድለት አለው፣ ብዙ ተተችቷል። የማደንቀው ሒሳቡን አይደለም፤ ኤክሱ ስንት ይሁን የሚለው ክርክር ታትሞ መውጣቱን ነው። አንድ አሮጌ ጡረተኛ ማንቸስተር ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ ሊቃወም ይችላል።

ዋጋ መቁረጥ ራሱ ደግሞ ሊገድል ይችላል፤ ይህንን አልክድም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1954 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጋዝ ገና ከጉድጓዱ ሲወጣ የሚሸጥበትን ዋጋ መንግሥት እንዲቆርጥ አደረጉ። ተጠቃሚ ለመጠበቅ ተብሎ ዋጋው ዝቅ ብሎ ተያዘ። ዝቅ ሲል ቆፋሪው እጁን ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. ከ1976 ወደ 1977 በተሻገረው ክረምት ጋዝ ጠፍቶ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ ተዘጋ። ርካሽ ዋጋ ነበራቸው፤ ጋዝ አልነበራቸውም።

ይሄ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ነጭ ናፍጣና ላምባ 98 ብር ከ98 ሳንቲም እንዲሆን ተወሰነ። ሳንቲሟን ሳይቀር ተጠንቅቀው ነው የቆረጡት። ከዋና ከተማው ስትወጡ ግን ያቺ ሳንቲም የት እንደምትደርስ ታውቃላችሁ። ማደያው «የለም» ይላል፤ ከማደያው ሃምሳ እርምጃ ርቆ አንድ ልጅ በሃይላንድ ጠርሙስ ደርድሮ ተቀምጧል። የባጃጅ ሹፌሩ የሚገዛው ከዚያ ነው። ዋጋው ደግሞ ልጁ ያለው ነው፤ ጭኜ እመለሳለሁ አይባል ነገር፣ ባጃጁ ቆሟል! የመንግሥት ዋጋ ጋዜጣ ላይ ይኖራል፣ የገበያው ዋጋ ሃይላንዱ ውስጥ። «ቁጥጥር» ስንል የኖርነው ይህንን ከሆነ ለካሉብ ጋዝ ባይደርስ ይሻላል። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ በቁራጭ ማስታወቂያ የሚነገር ዋጋና ቀመሩ፣ መረጃው፣ የተቃዋሚው ክርክር ሁሉ ታትሞ የሚወጣ ዋጋ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው ፍርድ ነው፤ ይግባኝ አለው።

በመብራቱም ያየነው ተመሳሳይ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ለባለሥልጣኑ የሰጠው ሥልጣን የብሔራዊ መስመሩን ታሪፍ መርምሮ ለመንግሥት ማቅረብ ነው፤ የሚያጸድቀው ሌላ ነው። መርምሮ ማቅረብ የአማካሪ ሥራ ነው። የመብራት ታሪፍ በ2011 ዓ.ም. ሲስተካከል፣ ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደግሞ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ሲጨምር የአዲስ ቅዳም ሰው የሰማው በዜና ነው። ከዚያ በፊት ሐሳቡን የጠየቀው የለም። ለጋዙም ያው ልብስ ከተቆረጠለት፣ ጠባብነቱ ከአሁኑ ይታየኛል። ለነገሩ የነዳጅ ፍለጋና ምርት ሕጋችን መሠረቱ በ1978 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 295 ነው። ያን ጊዜ የታሰበው እንዴት አስፈልጎ እንደሚወጣና ከኩባንያ ጋር እንዴት እንደሚካፈሉት ነው፤ ተገኝቶ አገር ውስጥ ሲሸጥ በስንት የሚለውን ገና ማን አስቦት! ላሟ ሰማይ ላይ ነበረቻ።

ወዳጆቼ የሚሞግቱኝ ሙግት አለ። «ገና አንድ ፋብሪካ ከፈትን፣ አንተ ዳኛ ይሾም ትላለህ፤ ባለሀብቱ ይሸሻል።» አልስማማም። ባለሀብት የሚሸሸው ከሕግ አይደለም፣ ከጠባይ ነው። ዛሬ በቃል የተሰጠው ነገ በደብዳቤ ሲነጠቅ ነው። የፖሊ ጂሲኤልን ታሪክ ከኮንትራት እስከ ስረዛ ያየ ቀጣይ ባለሀብት፣ ኮንትራቱን የሚዳኝ ቋሚ አካል ቢያገኝ ይመርጣል እንጂ አይሸሽም። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ከሞሮኮው ኦሲፒ ጋር ድሬዳዋ ላይ በዚሁ በኦጋዴን ጋዝ የሚሠራ ማዳበሪያ ፋብሪካ ተፈራርመን ነበር፤ ያም ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ፋብሪካው አልተሠራም። ያዩ ላይ የድንጋይ ከሰሉ ማዳበሪያ ፋብሪካም እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እነዚህን ያስቀራቸው የዋጋ ዳኛ ብዛት አልነበረም።

ጎጃም ደግሞ በዚህ ጉዳይ የቆየ ትዝታ አላት። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ባላገሩ አመፀ። አንዳንድ የታሪክ መምህራን ግብሩ ከበደው ብለው ያልፉታል። እኔ የሚገባኝ ከዚያ የጠለቀ ነው፤ ገበሬው የፈራው ገማቹን ነው። ማን መጥቶ መሬቴን ይለካል? የሚለካው ለማን ነው? ነገ ርስቴን አይነጥቀኝም ወይ? ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፉን ማሩ። መንግሥት በግብሩ መጠን መከራከር ይችል ነበር፤ በገማቹ ማንነት ላይ ያለው ጥርጣሬ ግን በክርክር አልተመለሰም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከጎልደን ኮንኮርድና ከዳንጎቴ ጋር የተፈረሙት ስምምነቶች የንግድ ምስጢር የሚባለው ተሸፍኖ የጋዝ ዋጋው አንቀጽ ይታተም። ባለሥልጣኑ ለሚኒስትሮች አቅርቦ የሚጠብቅ ሳይሆን ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተጠሪ ሆኖ የሚወስን ይሁን፤ ኃላፊዎቹ ለተወሰነ ዘመን ተሹመው በአንድ ስልክ የማይነሡ ይሁኑ። ዋጋ ከመቆረጡ በፊት አንዱ ስብሰባ ጂግጂጋ፣ አንዱ ደግሞ ዩሪያ በሚሸመትበት አገር ይደረግ። እንጅባራ የሚያህል አዳራሽ የላትም አትበሉኝ።

ይህ ካልሆነስ? የሚሆነውን ከአሁኑ ማየት አይከብድም። ፋብሪካው በተባለው 40 ወር ባይሆን በ60ው ያልቃል። ዩሪያው በአዲስ ማዳበሪያ ተሞልቶ፣ «በኢትዮጵያ የተመረተ» ተብሎ ታትሞበት ይመጣል። አዲስ ቅዳም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ የኩንታሉ ዋጋ በወረቀት ይለጠፋል። ገበሬው ከዚያ ቁጥር ስንቱ የጋዙ፣ ስንቱ የመኪናው፣ ስንቱ የባለአክሲዮኑ እንደሆነ ቢጠይቅ፣ በዚያ ሰዓት በሩ ላይ የሚያገኘው የመጋዘን ጠባቂውን ብቻ ነው።